በድራማ ለሞተች አልቅሼ ለቅሶ ተደረሰኝ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ። ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁን የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነኝ፣ 22 ሳምንት ብለውኛል።

ነገሬን ሲያነቡ እንዳይስቁብኝ አደራ። እዚህ በኅዳር ማታ ውርጩ ከቤት አያስወጣም። ባና ተከናንቤ፣ አንድ ዘመዳችን በፍላሽ የሰጠኝን ዳውንተን አቤይ የሚባል የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ ማየት ጀመርኩ። የድሮ መኳንንት ቤተሰብ ታሪክ ነው። ከሦስቱ ሴቶች ልጆች ትንሿን፣ ሲቢልን፣ ከልቤ ወደድኳት። በጦርነቱ ጊዜ ነርስ ሆና ቁስለኛ ያስታመመች፣ የቤቱን ሹፌር አግብታ የሄደች፣ ኩራት የሚባል ያልፈጠረባት ልጅ ናት። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማታ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ወለደች፤ ሌሊቱን አንቀጥቅጧት ሞተች። እናቷ፣ ባሏ፣ ሁለት ሐኪሞች ቆመው እያዩ።

ከዚያ ወዲህ 12 ቀን ሆነኝ፤ እንባዬ አልቆመም። ሽሮ እያማሰልኩ ይመጣብኛል፣ ፈተና እያረምኩ ይመጣብኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ አባበለኝ፤ አሁን «የፈረንጇ ሰልስት አልወጣም እንዴ?» እያለ ይስቃል። አማቴ ደግሞ እርጉዝ ስታለቅስ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም ብለው ሪሞቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የባሰው ገና ነው። ዓይኔ አብጦ ትምህርት ቤት ስገባ አንዷ ባልደረባዬ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ዘመድ» አልኩ። በማግስቱ ዘጠኝ አስተማሪዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቆሎና ስኳር ይዘው ቤቴ መጡ። 1,850 ብር አዋጥተው በፖስታ ሰጡኝ። «ምን አገኛት?» ሲሉኝ «ወልዳ ነው» አልኩና ተንሰቀሰቅሁ። እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። ፖስታው ሳይከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ባየሁት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ታላቅ እህቴ በኅዳር 2014 መንዝ፣ እናታችን ቤት፣ በወሊድ ሞታለች። ጊዜው ጦርነቱ ወደ እኛ አገር የደረሰበት ስለነበር፣ እኔም ያኔ አዲስ አበባ ስለነበርኩ፣ መንገድ ተዘግቶ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። መርዶዬን በስልክ ሰማሁ። ያኔ ብዙም አላለቀስኩም። ልጅቷ ተርፋ እናቴ ጋ አለች። እሱ ግን ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን የማለቅሰው ለዚያ አይመስለኝም። እናቴ «የመጀመሪያሽንማ እኔ ቤት ነው የምትወልጂው» ትለኛለች፤ እኔ ወሊድ ሲነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ድራማውን ልተወው ወይስ ልጨርሰው? ባልደረቦቼን ምን ልበላቸው? አእምሮዬስ ደኅና ነው?

ስሜ ይቆይ

እህቴ፤

ሪሞቱ መቀነት ውስጥ መቋጠሩ ላይ ፈገግ አሰኝተሽኛል፤ አልዋሽሽም። ለቅሶሽ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁም።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። በድራማ ለሞተ ሰው ማልቀስ አእምሮ መታመም አይደለም። ሲቢልን 20 ክፍል ያህል አብረሻት ተቀምጠሻል፤ ፊቷን፣ አሳሳቋን፣ ስትቆጣ የምታደርገውን ታውቂያለሽ። ከግድግዳ ጎረቤትሽ ጋር ይህን ያህል ሰዓት ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? ተመልካች በስክሪን ብቻ ከሚያውቀው ሰው ጋር የሚመሠርተውን እንዲህ ያለ ቅርበት ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ስም አውጥተው ጽፈውበታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 እንግሊዝ ውስጥ ሲታይም ብዙ ሰው አስለቅሷል። ተዋናይቷ የሦስት ዓመት ውሏን ጨርሳ ልሂድ ስላለች ነው ደራሲው የገደላት፤ ልጅቷ በሕይወት አለች። ባለቤትሽ ይህን ቢነግርሽ ግን እንባሽ አይቆምም። ለምን እንደማይቆም ራስሽ ጽፈሽዋል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቀኖች አሉ። ሲቢል የሞተችው በኅዳር ሚካኤል ማታ። እህትሽ የሞተችው በኅዳር። አንዱን ደብዳቤሽ አናት ላይ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ አስቀመጥሻቸው እንጂ አላገናኘሻቸውም። የእህትሽ ሙት ዓመት ስንት ቀን ላይ ይውላል? ዘንድሮ ያንን ቀን ምን ስትሠሪ ዋልሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም፤ ለራስሽ ግን መልሺው።

እንደሚመስለኝ አንቺ እርምሽን አላወጣሽም። አገራችን ለዚህ ቃል ያበጀችው በከንቱ አይደለም፤ ቀብር ያልደረሰ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከሟች ደጅ ሄዶ አልቅሶ እርሙን ካላወጣ ሐዘኑ እንዳደረ ይቆጠራል። አንቺ መርዶሽን በስልክ ሰማሽ፤ አስከሬን አላየሽም፣ አፈር አልመለስሽም፣ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጥሽም፣ «ወይ እህቴ» ብለሽ የጮህሽበት ግቢ የለም። ከዚያ አንድ ማታ ስክሪኑ ላይ እናት፣ ባል፣ ሐኪም አልጋ ዙሪያ ቆመው አንዲት ወጣት ወላድ ስትሞት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሽ። እህትሽ ላይ ያላየሽውን ነው ያየሽው። በዚያ ላይ አንቺ ራስሽ እርጉዝ ነሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ስለ ሲቢል አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሽ ስለ እህትሽ ልጅ አምስት ቃል ብቻ ነው የጻፍሽው፤ «ልጅቷ ተርፋ እናቴ ጋ አለች»። ስሟን አልጻፍሽም፣ እናቷን ትመስል እንደሆነ አልጻፍሽም። አሁን አራት ዓመት ሊሆናት ነው ወይም ሆኗታል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት መቼ ነው?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማማክርሽ ለእናትሽ ደውለሽ የዚያን ሌሊት ነገር እንድትጠይቂያት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለልብሽ፣ ሌላው ለሆድሽ።

የሆድሽን ላስቀድም፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። እህትሽ በወሊድ ሞተች አልሽ እንጂ ምን እንደገደላት አልነገርሽኝም። ደም ፈሷት ነው? ወይስ እንደ ሲቢል አንቀጥቅጧት? ልዩነቱ ለአንቺ ትልቅ ነው። ሲቢልን የገደላት ኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ ማንቀጥቀጥ ነው። እናቷ ወይም እህቷ የእርግዝና ደም ግፊት የነበረባት ሴት እሷም የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ይጨምራል። እህትሽን ይህ ከሆነ የጣላት፣ ክትትል የምታደርግልሽ አዋላጅ ነርስ ዛሬውኑ ማወቅ አለባት። ካርድሽ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሂጂና «እህቴ በወሊድ ሞታለች፣ እንዲህ ሆና ነው» ብለሽ አስጽፊ። አስፕሪንና ካልሲየም የሚታዘዝላት እርጉዝ አለች፤ አስፕሪኑ የሚመረጠው ከ20 ሳምንት በፊት ሲጀመር ስለሆነ ለአንቺ ይሁን አይሁን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከፋርማሲ ገዝተሽ በራስሽ እንዳትጀምሪ።

እናትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፤ «እማዬ፣ ፊቷና እጇ አብጦ ነበር? ራሴን ትል ነበር? ዓይኔ ብዥ አለ ብላ ነበር? አንቀጥቅጧት ነበር ወይስ ደም ነው?» ደም ከሆነም ንገሪያቸው፤ ልጁ እንደወጣ ወዲያው ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት መወጋት ደም መፍሰስን ለመከላከል የሚደረግ የዘወትር ሥራ ነው፤ በጤና ተቋም የመውለድ አንዱ ጥቅሙ ይኼው ነው።

ከእንግዲህ በየቀጠሮሽ ሁለት ነገር ሳይደረግ አትመለሺ፤ የደም ግፊት ልኬትና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ። ቁጥሩን ጠይቀሽ በትንሽ ደብተር መዝግቢ። ከ20 ሳምንት በኋላ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ሲደገምም እዚያው ካለ ሐኪም ማየት አለበት። 160 በ110 ከደረሰ በዚያው ሰዓት የሚታከም ነው፤ «ነገ እመለሳለሁ» አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ስምንት ጊዜ መታየትን ነው፤ ቀጣዮቹ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40ኛ ሳምንትሽ ላይ ይውላሉ። በቀጠሮ መካከል ደግሞ በፓራሲታሞል የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ወይም ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ በድንገት የመጣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ግቢ። የቁርጭምጭሚት እብጠት ብቻውን ብዙ እርጉዝ ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ማታ ጫማሽ ጠበበ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

ድራማው ላይ የሆነውን አስታውሺ። የአገሩ ሐኪም ክላርክሰን ቁርጭምጭሚቷ ማበጡን፣ ንግግሯ መዘባረቁን አይቶ ጠረጠረ፤ ሆስፒታል ወስደን በቀዶ ጥገና እናዋልዳት አለ። ከለንደን የተጠራው ባለማዕረግ ሐኪም አጣጣለው፤ አባቷም ባለማዕረጉን ሰማ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ዛሬ ማንቀጥቀጡን የሚከላከል ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፤ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ውጤት የማንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲቢል ያላገኘችውን አንቺ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ግን መርፌው ያለበት ቦታ መሆን አለብሽ።

ይህ ወደ እናትሽ ግብዣ ይወስደናል። እናት ቤት መውለድ ክብር ነው፤ ቅር እንደሚላቸውም አውቃለሁ። እኔ ብሆን ግን እናቴን ወደ ደብረ ብርሃን አመጣት ነበር እንጂ እኔ አልሄድም። «አልመጣም» አትበያት፤ «እማዬ፣ ገንፎዬን አንቺ ነሽ የምታገነፊልኝ፤ በ37ኛው ሳምንቴ ነይልኝ» በያት። ትንሿንም ይዛ ትምጣ። እናትሽ እዚህ መሆኗ ለሌላም ይጠቅማል። ሲቢል ያንቀጠቀጣት ከወለደች በኋላ መሆኑን ልብ ብለሻል? አደጋው በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ይበረታል፤ እስከ ስድስት ሳምንትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የአራስ ቤቱ ሰው ሁሉ ምልክቱን ይወቅ። ማንቀጥቀጥ ከመጣ በግራ ጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለመክተት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተትን መተው፣ ወዲያውም አምቡላንስ ወይም የተገኘውን መኪና መጥራት። ይህን ለአማትሽም ንገሪያቸው፤ ሪሞት ከመቋጠር የተሻለ ሥራ ያገኛሉ።

አሁን ወደ ልብሽ። እናትሽን ስትጠይቂ አንድ ነገር እንደሚመጣ ገምቺ፤ «ቀድሜ በወሰድኳት ኖሮ» ትላለች። አራት ዓመት ይህን ብቻዋን ስታመነዥክ ሊሆን ይችላል። ድራማው ላይም ይኸው ነው፤ ካቆምሽበት ቀጥሎ ባለው ክፍል የሲቢል እናት ባለማዕረጉን ሐኪም በመስማቱ ባሏን ትወቅሰዋለች፤ ፊትም ትነሳዋለች። አያትየዋ ሐኪሙን ጠርተው፣ በቀዶ ጥገናውም የመትረፍ ዕድሏ በጣም ትንሽ እንደነበር ለወላጆቿ እንዲነግራቸው ይለምኑታል። ባልና ሚስቱ ይህን ሰምተው ነው ተቃቅፈው የሚያለቅሱት። ሐኪሙ እውነቱን ነው ወይስ አዘነላቸው? ተመልካች እስካሁን ይከራከራል። አንቺ እናትሽ ፊት ዳኛ መሆን የለብሽም። መንገድ ተዘግቶ፣ ጥይት እየተሰማ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ልጅ ይዛ የነበረች ሴት ናት። «እማዬ፣ ያን ቀን ማን መኪና ነበረው?» ብትያት ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጫት።

እርምሽን ማውጣት ደግሞ በስልክ አይሆንም። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አዋላጅሽም ጉዞው አይከብድሽም ካለችሽ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ በቀን ሂጂ፤ ሰው እንዲጠብቅሽ አስቀድመሽ አስነግሪ። ካልሆነ እናትሽ ስትመጣ እዚሁ ቤትሽ አድርጊው፤ የእህትሽን ፎቶ አውጪ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ፣ ቡና ይፈላ፣ እናትሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንገርሽ፣ አልቅሱ። ቄስ ጠርተሽ ጸሎት ማስደረግ ከፈለግሽም አድርጊው። ደረት መምታትና መሬት ላይ መውደቅ ግን ይቅር፣ እርጉዝ ነሽ። ማልቀሱ ልጅሽን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው አለመብላትና አለመተኛት ነው።

ባልደረቦችሽን በተመለከተ ከምታስቢው ይቀላል። ያልሽው ግማሽ ውሸት ነው። ወልዳ የሞተች ዘመድ አለችሽ፤ እነሱ ወደዚህ ከመዛወርሽ በፊት ስለሆነ አልደረሱሽም። ፖስታውን የሰበሰበችውን ለብቻዋ ጥሪና «ያለቀስኩት ድራማ አይቼ ነው፤ ድራማው ግን ያስታወሰኝ በ2014 በወሊድ የሞተችውን እህቴን ነው፤ አፍሬ በደንብ አልነገርኳችሁም» በያት። ፖስታውን አብረሽ ስጫት። እንደማትቀበልሽ እወራረዳለሁ፤ ካልተቀበለች ለእህትሽ ዝክር ዳቦ ግዥበትና ዘጠኙን ሰዎች ጥሪያቸው። ሳትናገሪ ገንዘቡን ማስቀረት ግን አይሆንም፤ አንድ ቀን ባለቤትሽ ሲቀልድ ይወጣል።

ለባለቤትሽ ስለ ሲቢል አታስረጂው። «እህቴን ነው የማለቅሰው፤ መውለድም ፈርቻለሁ» በይው። ይህን እስካሁን ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ካልነገርሽው እሱ የሚያውቀው ሚስቱ ለፈረንጅ እንደምታለቅስ ብቻ ነው፤ ቀልዱም ከዚያ አያልፍም። ቀጠሮሽ ላይ አብሮሽ ይግባ፤ የግፊቱን ቁጥር እሱ ይመዝግብ።

ድራማውን አትተይው፤ ግን ማታ ብቻሽን አትይው። ቀጣዩን ክፍል፣ የወላጆቿን ፀብና የሐኪሙን ንግግር ያለበትን፣ እሑድ በቀን ከባለቤትሽ ጋር እይው። በቀን አንድ ክፍል፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ምንም። የሦስተኛው ምዕራፍ የገና ልዩ ክፍል ላይ ስትደርሺ ግን አቁሚ። እዚያ ሌላ ወሊድና ሌላ ሞት ጎን ለጎን አሉ፤ ከዚህ በላይ አልነግርሽም፣ ወልደሽ ስትጠነክሪ ይደርስልሻል።

12 ቀን ለቅሶ በዚህ ሐዘን ላይ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ልብሽ ከከበደ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላሽ፣ ለሚመጣው ልጅ ምንም ካልተሰማሽ፣ ለአዋላጅሽ ንገሪያትና ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ትላክሽ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ ማንንም አትፈሪ።

ለእናትሽ ለመደወል እጅሽ ከከበደ ስለዚያ ሌሊት አትጀምሪ። የልጅቷን የጫማ ቁጥር ጠይቂ። እናትሽ ወዲያው ላታውቀው ትችላለች፤ በክር ለክቼ ልንገርሽ ትልሻለች። ልጅቷን ስትጠራትም ድምጿን ትሰሚዋለሽ።